ሆቴል፣ ቡፊያ፣ መጥዓም

ከሰቆጣ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባባ ፍየል ሊሸጡ ከፃግብጂ መጥተው፣ ከምሠራበት ሆቴል አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተው ነበር። እንዳይነቁብኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በአጠገባቸው አለፍኩ። ልሄድ ነው ብላቸው እንደሚከለክሉኝ አውቃለሁ፤ መርቁኝ ለማለትም ፊት አልነበረኝም። ሳልመረቅ ወጣሁ። ጅቡቲን፣ ባሕሩን፣ የመንን ያለፈበት ሰው ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም፣ ሆዴ አይችልም።

ጅዳ ገብቼ ሥራ የጠየቅኩት የምግብ ቤት ባለቤት፣ «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ።

«ሆቴል።»

ፊቱ በራ። «ስንት ክፍል አለው?»

«አንድ።»

«አንድ?»

«ኩሽናው ሲጨመር ሁለት።»

ስቆ ስቆ ወደ ዕቃ ማጠቢያው መራኝ። እኛ ዘንድ ሽሮና ጥብስ ያለበት ቤት ሁሉ ሆቴል ነው ብዬ እንዳላስረዳው አረብኛዬ አልደረሰም።

እዚህ መብል ቤት ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ቡፊያ የምትባለው እንደኛ ሻይ ቤት ጠባብ ናት፤ ሻይ በወተት ትቀዳለች፣ ዳቦ በእንቁላል በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። እኔ የማውቃት መቀመጫ እንኳ የላትም፣ ቆመህ ጎርሰህ ትሄዳለህ። ሰቆጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጠውን፣ ገና በር ላይ ሳለህ «እንብላ!» የሚልህን ሰው ከየት ታመጣዋለህ? ትልቁ ደግሞ መጥዓም ይባላል፤ ሩዝና ሥጋ በሰፊ ትሪ የሚቀርብበት፣ በመጋረጃ የተከለሉ ክፍሎች ያሉት። እኛ ከቡፊያ አናልፍም። መጥዓም የምንገባው ዕቃ ልናጥብ ነው።

በየሳምንቱ ለእህቴ ለእቴነሽ እደውላለሁ። አባባ ተቀይመውኝ ስልኩን አይነኩትም ነበር። ኋላም ታመዋል አለችኝ። በደወልኩ ቁጥር ልመናዬ አንድ ነው፤ ይቅር በሉኝ በይልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ «ይቅር ብለውሃል፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት ብለዋል» አለችኝ። ያን ቀን ሳህን እያጠብኩ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ባለፈው ዓርብ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከምንኖረው ስድስት የዋግ ልጆች ታላቃችን የሆኑት አያ ብርሃኑ፣ «ዛሬ መጥዓም እንበላለን» አሉ። ግራ ገባኝ። ጾም ስለሆነ ባዶ ሩዝና ሰላጣ አዝዘን መጋረጃ ውስጥ ተቀመጥን። አያ ብርሃኑ ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ቅመስ እንጂ። ኋላ አትበላም።»

ያኔ ገባኝ። በኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ቤትህ ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳህ። የኛ አከራይ ግን ድምፅ ከሰማ ውጡልኝ ስለሚል፣ የማለቅስበት ቤት እንዲሆነኝ መጥዓሙን መረጡልኝ።

«ማነው?» አልኩ።

«አባትህ ናቸው። ጽና፣ ወንድ ልጅ።»

ጮኼ አለቀስኩ። አስተናጋጁ መጋረጃውን ገልጦ ደነገጠ። «ሩዙ ተበላሽቷል? ይቀየርላችሁ?»

«የለም፣ ምግቡ ጥሩ ነው» አሉት አያ ብርሃኑ፣ እንባቸው እየወረደ።

ፊቴን ታጥቤ ለእቴነሽ ደወልኩ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«የሚያረዳህ ሰው እስክናገኝ ነው፣ ወንድሜ። ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማው ብዬ።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«የአርባ ተዝካራቸው ትናንት ወጣ።»

አርባ ቀን። ይቅር ብለውሃል ካለችኝ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።

«እቴ፣ ያን ይቅርታ ማን ነው ያለው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ደግሜ ጠራሁ።

«እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ።

እኔ የለመንኩት ግን እሳቸውን ነበር።