ጥላሸት የተቀባችው ባለ ሁለት በር

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ አሮጌ መኪኖችን እየገዛ፣ እያደሰ፣ ለሙሽሮች ያከራያል። እዚህ መካኒሳ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ጥሩ መኪና እንዳለች ሰዎች ነግረውታል። «አሮጊት» የሚለው ቃል ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ ደንግጦ ወዲያው «ማዘር» እያለ ማባበል ጀመረ። ይህን «ማዘር» የሚሉትን ነገር ደግሞ አልወደውም። ፊቱ ደስ ስላለኝ ግን አስገባሁት።

ሸራውን ስንገልጠው ዶሮዎቼ ከሥሯ እየተንጫጩ ወጡ። ልጁ ቀስ ብሎ ዞራት። ጎማዎቿ ሟሽሸው ከመሬት ተጣብቀዋል፤ ግራጫው ቀለሟ በየቦታው ተሰነጣጥቋል። በቀኙ በር ላይ፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ተፍቃ ከሥሯ የበሰለ ኮክ የሚመስል ቀለም ይታያል። ልጁ ጣቱን እዚያች ላይ አሳረፈና ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘር፣ ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ሌላ ወጣት ጠይቆን ነበር። ያኔ መልስ አልሰጠነውም። ለዚህኛውም «ለሳምንት ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የዛሬ ወጣቶች የእኛ ዘመን የቆንጆ መኪኖች ዘመን ይመስላቸዋል። አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ የነበሩት ክብ ክብ፣ ወገባም፣ ብረታቸው የሚያብረቀርቅ ነበሩ። እኛ ለአቅመ ሔዋን ስንደርስ የመጡት ግን ሳጥን ናቸው። ትልቅ ሳጥን ላይ ትንሽ ሳጥን አስቀምጠው አራት ጎማ የገጠሙላቸው ነው የሚመስለው። ቀለማቸው እንኳ የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ቀለም ነበር። በዓለም ሁሉ ነዳጅ ተወዶ፣ መኪና ሠሪዎቹም መልክን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥረው የተዉት ይመስለኛል። እኛ ዘንድማ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ስለ መኪና መልክ ማውራትም ቅንጦት ነበር። አሁን በለቡ መንገድ ሽው የሚሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ሳይ ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ እነሱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በዚያ የሳጥን ዘመን ግን አልፎ አልፎ፣ እንዴት እንዳመለጠች እግዜር ይወቅ፣ አንዲት ቆንጆ ትወጣ ነበር። የእኛዋ እንደዚያ ነች። አባባ በዕቃ ግዢ የሚሠራለት ጣሊያናዊ ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ ነው ለእሱ የተዋት። ባለ ሁለት በር ነች። ጣሪያዋ ከፊት መስታወቱ ተነሥቶ ሳይሰበር፣ ሳይቸኩል ወደ ኋላ ይፈስሳል። እኔ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ መብራቷ ያለውን መስመር እርሳስ ሳላነሣ ለመሳል ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰፈሩ «ባለ ሁለት በሯ መጣች!» እያለ ይወጣላት ነበር። አባባ ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግታውን ይደብቃል። እማዬ ግን አትወደውም። «ዓይን በዝቶባታል» ትላለች።

እማዬን ለመረዳት ወንድሜን በኃይሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃን ሳለ ከማማሩ የተነሣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር ይባላል። እማዬ ስለዚህ ከቤት ስታወጣው ፊቱን አታጥበውም፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ ግንባሩ ላይ ታሳርፍበታለች። ዓይን እንዳይበላው ነው። ያን ጊዜ እናቶች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ነው። ልጇ አደገላት፤ ጥላሸቱ እንዳሳደገላትም እስከ መጨረሻው አመነች።

በኃይሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አፈሳው በረታ። ወጣት ወንድ ከመንገድ፣ ከአውቶቡስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር እየተያዘ ወደ ውትድርና ይላካል። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እሱ ጓዳ ተቀምጦ ጢሙን እያሳደገ ከእኔ ጋር በካርታ ይጣላል። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ትገረጣለች። በመጨረሻ ወደ ቱሉ ቦሎ በኩል ገበሬ የሆነው አጎታችን ዘንድ ይሂድ ተባለ። በአውቶቡስ አይታሰብም። ያለን መኪናዋ ነች፤ እሷን ደግሞ የማያያት የለም።

ዘዴው ሁለት ነበር፤ ችግሩም ሁለት መሆኑ ነው። የአባባ ዘዴ፣ ወሩ ጥር ስለሆነ ሠርግ እንሄዳለን ማለት ነው። እማዬ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት።

«ጥላሸት ቀቧት» አለች።

አባባ የሚሰማውን አላመነም። «ማንን?»

«መኪናዋን ነዋ! ቆንጆ ነገር ይሸፈናል እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይሰጣም። ማንም ዞሮ እንዳያያት አድርጓት።»

ጋሽ ነስሩ የሚባል ጎረቤታችን ባቲላሜራ ነበር፤ የተጎዳ መኪና አካል ቀጥቅጦ፣ ቀብቶ አዲስ ያደርጋል። አባባ ሲነግረው ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቺን በእጄ ከማበላሽ እጄ ይቆረጥ» አለ። እማዬ ራሷ ሄደች። «ነስሩ፣ ለልጄ ብለህ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። በኃይሉን አቅፎ ያሳደገ ሰው ነው። ያን ቀን የሚያብረቀርቀውን ብረት ሁሉ ነቃቀለ፤ ብረትን ከዝገት የሚከላከለውን ግራጫ አንቲራስት ከላይ እስከ ታች ነፋባት።

ጠዋት ስንወጣ እማዬ አይታት እፎይ አለች። በኃይሉ ግን ሳቀ። «እማዬ፣ የእኔ ግንባሬን ብቻ ነበር፤ የእሷ ገላዋን ሙሉ ሆነ እንዴ?» አላት። እሷም ሳቀች። ሁላችንም የክት ልብሳችንን ለብሰናል። እሱና እማዬ ከኋላ ገቡ፤ እኔ ከአባባ አጠገብ ከፊት ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሕንፃ የሞላበት ጀሞ ያኔ ማሳ ነበር። የጥር ብርድ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ ጤፍ የታጨደበት መሬት ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከመንገድ ዳር ሴቶች የሽምብራ እሸት በእቅፍ እያነሡ ያሳዩናል። አባባ ቆሞ ገዛልን። በኃይሉ እየፈለፈለ ለእማዬ፣ ከዚያ በትከሻዬ በኩል ለእኔ ያቀብለኛል። ጓዳ ከተዘጋበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ተደስቶ አላየሁትም። እኔም አደጋውን ያለፍን መስሎኝ ነበር።

ወታደሮች የሚፈትሹበት ኬላ ላይ ስንደርስ ከፊታችን የሠርግ መኪና ነበረች፤ ከእነዚያ ሳጥኖች አንዷ። ሪባን ታስሮላታል፤ ኮፈኗ ላይ አበባ ተለጥፏል። ውስጧ ወጣት ወንዶች ታጭቀው ይዘፍናሉ። ወታደሮቹ ሳቁ፤ አንዱ እንዲያውም እጁን እያወዛወዘ አሳለፋቸው። ጥሩንባዋን እየነፋች ሄደች።

ቀጥሎ እኛ ሆንን። ወደ እኛ የመጣው ጠባቂ በኃይሉን የሚያክል ልጅ ነው። ሰው አላየም፤ መኪናዋን ነው ያየው። መዳፉን ጣሪያዋ ላይ አሳርፎ መስመሯን እስከ ኋላ መብራቷ ድረስ ተከተለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቀለሙ ሲሸፈን፣ የሚያብረቀርቀው ብረትም ሲወልቅ መስመሯ ብቻውን ቀርቶ ከወትሮው ይበልጥ አምራ ነበር። ልጁ ተመልሶ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«አባት፣ ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አለ። በክፋት አልነበረም፤ አዝኖላት ነው።

 እማዬ ከኋላ፣ «ሠርግ እየሄድን ነው ልጄ» አለች።

«ሠርግ?» ልጁ ግራ ተጋባ። «ሠርግ የሚሄድ ሰው ሪባን ያስርላታል እንጂ አመድ ይነሰንስባታል?»

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ጥላው ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠው አለቃው ሰማ። ተነሥቶ መጣ፤ መኪናዋን አይቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። የበኃይሉን የቀበሌ መታወቂያ ጠየቀ። ካየው በኋላ «ልጁ ይውረድ» አለ።

ባለ ሁለት በር መኪና ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲወርድ ከፊት ያለው ወርዶ መቀመጫውን ማጠፍ አለበት። ወረድኩ። አጠፍኩለት። በኃይሉ በእኔ በር በኩል አጎንብሶ ወጣ። የቀረውን የሽምብራ እሸት እጄ ላይ አኖረና «ያዢልኝ፣ ጽጌ» አለኝ። ያ ልጅ ጠባቂ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። እማዬ ልትወጣ ስትታገል መቀመጫው ተመልሶ ወደቀባት።

ቤት እንደገባን እማዬ የወጥ ቤት ቢላ ይዛ ወጣች። እሱ የወጣበትን በር መፋቅ ጀመረች። እየፋቀች ታለቅሳለች፤ ግራጫው እንደ ዱቄት ነጠላዋ ላይ ይረግፋል። አባባ መጥቶ እጇን ያዘ። «ተይ» አላት። «እሱ ሲመጣ አብረን እናስቀባታለን።»

እሱ አልመጣም። ከማሠልጠኛ አንድ መልእክት ደረሰን፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ምንም። መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት በእግራቸው እየመጡ ሲገቡ እማዬ ከበር አትለይም ነበር። ጋሽ ነስሩ የኮኩን ቀለም በጥብጦ በቆርቆሮ አስቀምጦልን ኖሮ፣ ደርቆ ድንጋይ እስኪሆን አልጣለውም። እማዬም፣ አባባም፣ ጋሽ ነስሩም ዛሬ የሉም።

ጠባቂው ያለውን ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ቤት ግን አንድም ቀን አልተነሣም። እኔ ብቻ በልቤ አመላልሰዋለሁ፤ እንደ ነበረች ብንተዋት፣ ሪባን ብናስርላት ኖሮ እያልኩ። ምናልባት ያኔም ይይዙት ነበር። ማንም አያውቅም፤ አለማወቁ ነው የሚያቃጥለኝ። እማዬን ተቆጥቻት አላውቅም። በፍርሃት ዘመን እናት ያላት የምታውቀው መድኃኒት ነው፤ እሷም ያላትን ሰጠች።

ዛሬ ልጁ በቀጠሮው መጣ። «ማዘር፣ ሊሸጡልኝ ወሰኑ?» አለኝ።

«እናቴ ነች» አልኩት።

አልገባውም።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት ብለኸኝ አልነበር? እናቴ ነች። ልጇን ከዓይን ልትሰውር ብላ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ መኪናዋን ሳይሆን እኔን አየ።

ቆይቶ ጣቱን ወደ ተፋቀችው ቦታ ዘረጋ። «ይቺስ?»

«እሷም እናቴ ነች።»

 ዶሮዎቹ ተመልሰው ሥሯ ገብተዋል።

«ታዲያ ምን ላድርጋት?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝግ ብሎ።

«የብርጭቆ ወረቀት አምጣና ፋቀው» አልኩት። «ከዚህ በር ጀምር። እናቴን አባቴ እንድትጨርሰው አልተዋትም፤ አንተ ጨርስላት።»