እግር ሲከዳ

ችግሩ ወረቀቱ ላይ አለመታየቱ ነበር። ነርሷ በአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ በየቀኑ የምትሞላው ቅጽ «ዛሬ ወድቀዋል?» የሚል ጥያቄ አለው። ከጎኑ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይ»። በአራት ወር ውስጥ «አዎ» ላይ ምልክት የተደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ሽማግሌና አሮጊት በሚኖሩበት ቤት ይህ ተአምር ነው። ሥራ አስኪያጁም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ወረቀቱን ያሳያሉ። ነርሷ ግን ጠዋት ጠዋት ገላ ስታጥብ የምታየው ሌላ ነው። የጠቆረ ዳሌ፣ የተላጠ ክርን፣ ያበጠ ጉልበት።

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«ምንም። በር ገጭቶኝ ነው።»

«በሩ ዳሌዎን ብቻ ለይቶ?»

«አጭር በር ነው፣ ልጄ።»

ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ያቺ አንዷ «አዎ» የማን እንደሆነች ታውቃለች። ስምንት ቁጥር ክፍል የነበሩት አሮጊት ልብስ ሰፊ ሦስት ቀን ሙሉ «አልወደቅሁም» ሲሉ ቆዩና በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ ዝም አሉ። በዚያው ቀሩ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሲፈስ እንደሰነበተ ሐኪሙ ነገራት፤ «አዎ» የተሞላው ያኔ ነው። ሦስቱንም ቀን «አይ» ላይ ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የመኝታ ክፍል በር በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ፊታቸውን ሳይሆን ደረታቸው መነሣት መውረዱን ነው።

ለምን ይደብቃሉ? ረስተው ነው እንዳትል፣ ባለፈው ሳምንት ሾርባው ጨው እንዳነሰው የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው። ፈርተው ነው እንዳትል፣ ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊት የሚሳደቡትም ይደብቃሉ። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘችና ለሁለት ሳምንት የሚሏትን ቃል በቃል ጻፈች። «ቁጭ አልኩ።» «አዳለጠኝ።» «ወለሉ ተነሣብኝ።» «እግሬ ከዳኝ።» ይህ ሁሉ ሲጻፍ «ወደቅሁ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ደብተሩን ደጋግማ አገላበጠችው። መልሱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ አልታያትም።

የታያት በአንድ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ነው። አርባ ዓመት ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ አሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የምግብ ዝርዝር ሳይቀር ፊደሉን ስለሚያርሙ «ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ» ይሏቸዋል። ደም ማቅጠኛ ኪኒን ይወስዳሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ከተመታ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። የዚያን ቀን የሸሚዛቸው ቁልፎች ተዛንፈዋል። ዳቦው ከግራ እጃቸው ሁለቴ ሾለከ። ነርሷ ጠጋ ስትል ከጆሯቸው በላይ ቀላ ያለ እብጠት አየች። ክው አለች።

«ጋሼ፣ ወድቀዋል?»

«እኔ? አርባ ዓመት ሰው ጣልኩ እንጂ እኔ ወድቄ አላውቅም!»

ጠረጴዛው በሳቅ አወካ። አጠገባቸው የተቀመጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ «ታዲያ እኔን ማን ጣለኝና ነው መሪ የጨበጥኩት!» አሉ።

ነርሷ ግን ደርቃ ቀረች። ቃሉን አሁን ገና ሰማችው። የሚወድቅ ማነው? ተማሪ ከፈተና ይወድቃል፤ ነጋዴ ይወድቃል፤ መንግሥት ይወድቃል። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ጉልበት ነበር፤ ሰዎቹ የሚሰሙት ስለ ዕድሜያቸው ሁሉ ነው። ታዲያ ማን በሰማንያ ዓመቱ «አዎ፣ ወደቅሁ» ይላል?

በርከክ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እግርዎስ፣ ጋሼ? የት ላይ ከዳዎት?»

ሽማግሌው ሰሃናቸውን ተመለከቱ። «መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ፊቴን ልታጠብ ስል።»

«ራስዎን ነካዎት?»

«የመታጠቢያ ሳህኑ ጠርዝ ትንሽ ሳመኝ።» ምላሳቸው «ሳመኝ» ላይ ተሳሰረ።

እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም። ስልኩን አንሥታ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ፣ «አልወደቅሁም እያሉ አምቡላንስ?» ይላሉ። «እንደ ልብስ ሰፊዋ ናቸው» ብቻ አለቻቸው። ሰውየው የግቢውን በር ሊያስከፍቱ ወጡ።

ሐኪሞቹ በሰዓቱ ደረሱላቸው። ጋሼ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። ነርሷ ያን ጊዜ የቅጹን ጥያቄ ሰርዛ «ዛሬ እግርዎ የት ላይ ከዳዎት?» ብላ ጽፋ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ መልስ መጣ።

«አሥራ አንድ!» ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ያዙ። «ተቆጣጣሪዎቹ ሲያዩት ቤቱን ይዘጉታል እኮ!»

«ድሮም ነበሩ፣ ጌታዬ። አሁን ሰማናቸው እንጂ።»

እንዲህ ትበል እንጂ እሷም ቁጥሩን ስታይ ላብ ያጠምቃታል። ደስ የሚለው ግን «የት» የሚለው ቃል የሠራው ሥራ ነው። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ባሉት ክፍሎች፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ ከቁርስ በፊት የሆኑ ናቸው። ነርሷ አንድ ጠዋት በነጠላ ጫማ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ እነሱ እግሯን እየጎተተች ሄደችበት። በሰም የተወለወለው ወለል የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ ልክ የፈሰሰ ውሃ ይመስላል! አሮጌ ዓይን ውሃውን ልሻገር ይላል፤ አሮጌ እግር አይደርስም።

አሁን የምትሞክረው ይህን ነው። መስኮቶቹ ላይ ወፍራም ጨርቅ ሰቅላለች፤ በሮቹ ሥር ሰም እንዳይቀባም አስከልክላለች። ለማወዳደር ግማሹን ክፍል እንዳለ መተው ነበረባት፤ አልቻለችም። ስለዚህ የምታወዳድረው ከቀደሙት ሳምንታት ጋር ነው። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ እስካሁን ሁለት ሰው እግሩ ከድቶታል። ቁጥሩ መቀነሱ የጨርቁ ሥራ ይሁን የዕድል ገና አታውቅም።

ጋሼ ከአልጋቸው ተነሥተዋል።

«አትያዢኝ።»

«አልያዝኩም፣ ጋሼ።»

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ሳትነካቸው ቆማለች። ዓይኗ ግራ እግራቸው ላይ ነው። ተነሣ። ትንፋሿን ያዘች።