አቋራጭ

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ከቀረች ሁለት ሳምንት ሆናት። ደብተሯ እኔ ጋ ነው፤ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበደ። ሳሸተው ልጅነቴ መጣብኝ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ እህቴ ብርዛፍ እዚሁ ሰቆጣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ስትሸከም ትውልና፣ ስትመለስ የከረጢቱን ወረቀት አራግፋ ደብተሬን ትለብድልኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤታችን፣ «አባታቸው አልጋ ከያዘ ወዲህ ጓዳው ባዶ ነው፤ ብርዛፍም ከዘጠነኛ አቋረጠች» ስትል ሰማሁ። ማቋረጥ ሲባል እኔ የማውቀው ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የሚመጡ ገበያተኞች ቶሎ ለመድረስ በገደሉ ሥር ሲያቋርጡ ነው። ደስ አለኝ።

«እታለም፣ ከሁሉም ቀድመሽ ልትጨርሺ ነው አይደል? አቋራጩን ለእኔም አሳዪኝ!» አልኳት።

ሽፋሽፍቷ ላይ ሲሚንቶ ነበር። ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ።

«አንቺ በዋናው መንገድ ነይ። እኔ ቀድሜ እጠብቅሻለሁ።»

ዛሬ ስም መጥሪያው ላይ «አቋረጠች» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ለእታለም ደወልኩላት።

«ያቺ የነገርኩሽ የሰፈርሽ ልጅ፣ ተማሪዬ፣ ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

«አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። «አቋራጭ አለው።»