ከማሳው የተለቀመው ድንጋይ

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከብቸና ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለውን የእህቴን ማሳ ጎርፍ ጠረገው። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ዕለቱ የማርያም በዓል ስለነበር ማሳው ላይ ማንም አልነበረም፤ የተጎዳ ሰውም ሆነ ከብት የለም።

እኔ በዚያ ሰዓት ሞጣ ነበርኩ። የምኖረውም የምሠራውም እዚያ ነው። እህቴ የደወለችልኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። አላለቀሰችም። አፈሩ እንደሄደ፣ አንዳንድ ቦታ አለቱ አፍጥጦ እንደወጣ ነገረችኝና የልጆቼን ጤንነት ጠየቀችኝ። አንዱን ነገር ግን አላነሳችም። ከማሳዋ ላይ ድንጋዩን ያስለቀምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት ነው። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የምታሳርሰው ለእኩል ነው፤ አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ያላትም ይኸው አንድ ጭንጫ ብቻ ነው፦ ከላይ ድንጋይ፣ ከሥሩ ስስ አፈር፣ ከዚያ ወዲያ አለት። አራሹ ሁለት ማረሻ ጠሞበት፣ ድግሩም ተሰንጥቆበት ስለነበር፣ ድንጋዩ ካልተነሳ ከእንግዲህ በሬዎቼን እዚያ አላስገባም አላት። ሌላ አራሽ እንደማታገኝ እሱም እሷም ያውቃሉ። በሬ ያለው ሰው ሜዳው ላይ ጥቁሩን ዋልካ ማረስ እየቻለ ቁልቁለት አይወርድም። መሬቱ ጦም ካደረ ደግሞ እህቴ ቤቷን ዘግታ ሞጣ እኔ ጋ ከመግባት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊቷን አዙራ ነው የነገረችኝ።

እኔ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም። በሳምንቱ የሁለት ቀን ደቦ አስጠራሁ። እህቴ ጠላ ጠመቀች፤ ሰዉ በባሬላም በእጁም እያነሳ ድንጋዩን ከማሳው ጎን በአንድ ቦታ ከመረው። ጎረቤቷ የሆኑ አንድ አዛውንት ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩ።

«ድንጋዩን ለቅማችሁ ስትጨርሱ አፈሩን ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ።

«ጥበቃ እንቀጥርለታለን፣ አባ» አልኳቸው።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉና ሄዱ።

በሥራዬ ልማድ ማስታወሻ ደብተር ከኪሴ አይጠፋም። ቤት ከሚሠራ ጎረቤት ቁራጭ ፌሮ ተውሼ በአምስት ቦታ፣ አለቱ እስኪያቃጭል ድረስ እየመታሁ የአፈሩን ጥልቀት ለካሁ። በሦስቱ ስንዝር፣ በአንዱ ስንዝር ከጋት፣ በአንዱ ከጋት እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ከዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ሌላም ነገር ጽፌአለሁ። ዝናብ ከቆመ ወራት ቢያልፉም ድንጋይ ሲነሳ ሥሩ ያለው አፈር ጠቁሮ ይገኛል፣ ሲጨብጡት ይያያዛል፤ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ግን አቧራ ነው። ያየሁትን በትክክል መዘገብ ለሃያ ዓመት የለመድኩት ሥራ ነው። ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

አራሹ ሁለት ጊዜ ገልብጦ አረሰው። ምንም የሚያደናቅፍ እንዳልነበረ እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ያን ዓመት ጤፍ ልትዘራበት አሰበች።

ጎርፉን በሰማሁ ቀን ወዲያው ልነሳ ፈለግሁ፤ መንገዱ ግን በጎርፉ ተዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ተራ አስከባሪው ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያወዛውዛል።

«አንተ ጋዜጠኛ ሆነህ እኛን ትጠይቃለህ?» አለኝ በሁለተኛው ቀን።

ስልኩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሠራም። ከሰዓት በኋላ ሞጣ ላይ ሲዘንብ በር ላይ ቆሜ፣ እዚያስ ዘንቦ ይሆን እያልኩ ደመናውን አያለሁ። ቢሮ እሄዳለሁ፣ የጀመርኩትን ዜና ሳልጨርስ ተመልሼ እወጣለሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ተቀመጥ ትለኛለች፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አውጥቼ የየካቲቱን ገጽ አነበብኩ። ከግርጌ ያለችውን መስመር ሁለቴ አነበብኳት።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። ብቸና ስወርድ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለ፤ ወደ ተዳፋቱ ስደርስ ግን ከእግሬ ሥር የሚንኮሻኮሽ ጠጠር ብቻ ሆነ። ማሳው ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ቦዮች ተሸንሽኗል። ጎን ላይ የከመርነው ድንጋይ እንዳለ ነው። እህቴ በወጣው አለት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንተ ብቻ ነህ እንዴ? ጠላውን የጠመቅሁት እኔ አይደለሁም?»

ፌሮውን አስመጥቼ በዚያው በአምስቱ ቦታ ለካሁ። በአራቱ ሦስት ጣት ሆነ። በአምስተኛው የሚለካ የለም፣ አለት ነው።

አራሹ በማግስቱ መጣ። እየተዘዋወረ አየና ጤፍ የሚባል ነገር እንዳታስቢ አላት። እህቴ አልተከራከረችም። ድንጋዩን መልሳ ልትበትነው እንደሆነ፣ ከዚያም በክረምቱ መውጫ ግብጦ ልትዘራ እንደምትፈልግ ነገረችው። ግብጦ ክፉ መሬት አይጠላም፣ የለሰለሰ ማሳም አይፈልግም።

«ይነሳ ያልኩት እኔ፣ አሁን ይመለስ ስትይ ምን ልበል?» አለ።

«ግብጦ ስንቴ ይታረስለታል?»

«አንዴ ከተጫረ ይበቃዋል።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ስጠኝ። ከአንድ ቀን ሌላ አልለምንህም።»

አራሹ አለቱን አየ፣ ክምሩን አየ። ነሐሴ ይምጣና እናያለን ብሎ ሄደ።

ድንጋዩን መመለስ ከመልቀም ይከብዳል። ለደቦ የሚመጣ አልተገኘም፤ ሁሉም በራሱ እርሻ ተይዟል። በመጀመሪያው ቀን እኔና እህቴ ብቻ ነበርን። በሁለተኛው ቀን ቄሱ ከላይ መጡ።

«ጥበቃዎቹ ገቡ?» አሉኝ።

«እየገቡ ነው፣ አባ።»

መቋሚያቸውን አስደገፉና እንዴት እንደሚደረግ አሳዩን፤ ትልልቁ ቁልቁለቱን አግድም ተያይዞ ይደረደራል፣ ትንንሹ በመሃሉ ይበተናል። እጄ እስኪላጥ ድረስ አምስት ቀን ሠራንና ወደ ሞጣ ተመለስኩ።

ሐምሌን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። በዘነበ ቁጥር እደውላለሁ፤ ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። በነሐሴ መጨረሻ እህቴ ራሷ ደወለች። አራሹ መጥቶ ነበር አለችኝ፤ ቀጥላ ምን እንዳለች ሳልሰማ ተቋረጠ። አርሶ ይሂድ ወይስ አይቶ ይመለስ አልለየሁም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ባለቤቴ ለእንግዳ የምናውለውን ክፍል አጽድታ አልጋ አነጠፈች።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሄድኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማሳው ላይ ደረስኩ። እህቴ ቤቷ ነበረች፣ በሩ ክፍት ነበር። ፌሮውን ይዤ በአምስቱ ቦታ ለካሁ። አፈሩ በአራቱ እንደዚያው ሦስት ጣት ነው። በድንጋዮቹ መሃል የአንድ ቀን የማረሻ መስመር ይታያል። በአራቱ ቦታ ግብጦ በቅሏል። በአምስተኛው አልበቀለም።