አባቴ በገዛ ሳሎኑ ያረፈደ ቀን

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ መሳቅ ክልክል ነበር። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከቡና መጋዘን ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቤታችን ሳሎን የአባቴ ባንድ ይለማመዳል። ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። እኔና ታናሽ ወንድሜ የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሽታ በሚገባበት መስኮት ሥር ቁጭ ብለን፣ ማስነጠስ ሲመጣብን እንኳ አፋችንን አፍነን እንሰማለን።

የምንፈራው አባታችንን አልነበረም፤ የባንዱን መሪ ጋሽ ደምሴን ነው። ተጫዋቾቹ «ማስተር» ይሏቸዋል። ሰው ሲሳሳት አይጮሁም። ሁሉንም ያስቆሙና፣ እንደ ጅማ ሰው «እስቲ» የሚለውን በኦሮምኛ አድርገው፣ «ሜ፣ ብቻህን» ይላሉ። ያ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስኪያስተካክል ድረስ ብቻውን ይጫወታል። ድራም መቺው፣ የልጆች አባት የሆነው ትልቅ ሰው፣ አንድ ቀን እዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያረፈደ ደግሞ ያን ቀን መሣሪያ አይነካም።

አባቴ ቤዝ ጊታር ነበር የሚጫወተው፤ ግድግዳው ጋ ቆሞ አያውቅም። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ልጅ ከድርን ጣቱን እየያዘ ቤዝ ያስተማረውም እሱ ነው።

አንድ ክረምት ወባ ያዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አዝሎኝ ሐኪም ቤት ሄደ። ወረፋው ረዘመ። በዝናብ በስብሰን ስንመለስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ ባንዱም መጫወት ጀምሯል። ቤዙን የያዘው ከድር ነው። ወንበር ላይ አንድ ከረባት ያሰረ እንግዳ ተቀምጧል፤ ካሴት የሚያሳትም፣ ለስቱዲዮ ተጫዋች ፍለጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነበር።

ማስተር እጃቸውን አነሱ፤ ሙዚቃው ቆመ።

«ስምንት ሰዓት ነበር ያልነው፣ አሰፋ።»

«ልጄ ታማብኝ ነው፣ ማስተር።»

«አያለሁ። አስተኛት። ዛሬ ከድር ይጫወታል።»

አባቴ በገዛ ቤቱ በተጫዋቾቹ መሃል አልፎ ገባ። ጓዳ አስተኝቶኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሳሎኑ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነበር። በትኩሳት እየነደድኩ፣ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ዜማውን ሲከተሉ እግሬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

እንግዳው ከድርን፣ ድራም መቺውንና ሳክስፎን ተጫዋቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የእነሱ እጅ ያላረፈበት ካሴት ጥቂት ነው። ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚደጋግመውን የጅማ ልጆች በአንዴ ይቀዱታል ይባል ነበር። ያ ግድግዳ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። አባቴ ግን አጋሮና ሊሙ ሰርግ እየዞረ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ፣ በመጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ ቡና መዛኝ ሆነ። ያችን ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔ ግን «ያን ቀን ባልታመም ኖሮ» እያልኩ ነው ያደግኩት።

አባቴ ሲሞት ከድር ለቅሶ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«ያን ቀን የተጫወትኩት አባትሽ የሠራትን የቤዝ ዜማ ነው፣ ወላሂ። በኋላም በካሴት ወጣች። እንግዳው ‹ይቺን ቤዝ ማን ነው የሠራት?› ብሎ ጠየቀ። ማስተር መጋረጃውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

«አባቴ እኮ ይሰማ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ እህቴ» አለና አንገቱን ደፋ።

ዛሬ ዘፈን አንድ ልጅ በሩን ዘግቶ በኮምፒውተር ይሠራዋል። የሚያረፍድ የለም፤ የሚጠብቅም የለም። ግድግዳው ቀረ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ተፋጠው ሲጫወቱ የሚሰማው ነገር አብሮ ቀርቷል።

በቅርቡ ከልጄ ጋር ወደ አጋሮ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ያቺ የአባቴ ቤዝ ያለባት ዘፈን ተከፈተች። «ይቺን ቤዝ አያትሽ ነው የሠራት» አልኳት። ደስ ብሏት ስልኳን አውጥታ ፈለገች። የዘፋኙ ስም አለ፤ የአቀናባሪው አለ፤ የከድርም አለ። ወደ ላይ ወደ ታች ስትል ቆየችና፣ «የለም እኮ፣ እማ» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ሾፌሩን ድምፁን ከፍ እንዲያደርግልን ለመንኩት።