ገብስ በጨው

ያን ቅዳሜ በሱቃችን ውስጥ የነበርነው አራት ነን። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ በተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ ትቆማለች። የግብር ሠራተኛው በሩ አጠገብ፣ በቤታችን በነበረችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጦ የካፖርቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው አንስቷል። የጊቿ ሴት ከመካከል ቆማ የገብስ ስልቻዋን እግሯ ሥር አስቀምጣለች። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ነኝ፤ እርሳሴን ጸጉሬ ውስጥ ሰክቼ። አምስተኛ ካስፈለገ በቅሎዋ አለች፤ ውጭ ታስራ አንገቷን በበሩ ታስገባ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ጨው ነው። በፕላስቲክ የታሸገ፣ ነጭ፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው ጨው ነው። ባለሱቋ ልጅ በማሽን የታተመ ደረሰኝ ጨምራ ሰጠችኝ። እኔ ግን እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

«እማማ፣ የጎደለ አለ?» አለችኝ።

«የለም» ብዬ ወጣሁ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ምራቂ እየጠበቅሁ ነበር።

የእኛ ጨው በጆንያ ነበር የሚመጣው። ጥግ ላይ በድንጋይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ክረምት ሲቃረብ ያልበዋል። ጆንያው ይረጥብና ከሥሩ ያለው መሬት ይጠቁራል። የርጥብ ጆንያ፣ የላምባና የልብስ ሳሙና ሽታ አንድ ላይ ሆኖ በልብሳችን ላይ ይቀር ስለነበር፣ ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እኔን ስታይ «ሱቁ መጣ» ትል ነበር። ያን ጊዜ አፍርበት ነበር። አሁን ያንን ሽታ የትም አላገኘሁትም።

ሱቁን ያቆመችው አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የደባርቅን ገበያ በሙሉ በጭንቅላቷ ትይዘው ነበር። ከሁሉም አብልጣ የምትጠብቀው የጊቿን ሴት ነው። ያች ሴት ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተራራው ላይ ካለው መንደሯ ከጊች ተነስታ፣ በመንገድ ዘመድ ቤት አድራ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትደርሳለች። ገበያዋን ጨርሳ እኛ ዘንድ ታድርና እሑድ ማለዳ ትመለሳለች። ሙስሊም ስለነበረች እናቴ የእኛ ሥጋ ያልነካው ድስት ለእሷ ብቻ ለይታ አስቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ተሳስቼ በዚያ ድስት ወጥ ያሞቅሁ ጊዜ የቀመስኩትን ቁንጥጫ አልረሳውም። እኔ «እማ ጊች» ነበር የምላት። ሁለቱ «እታለም» ይባባላሉ።

በመካከላቸው ገንዘብ አያልፍም። እሷ ገብስ ታመጣለች፣ እናቴ ጨው ትሰጣለች። የሚሰፈረው በአንድ ጣሳ ነው፤ ሁለት ጣሳ ገብስ ለአንድ ጣሳ ጨው። ከዚያ ምራቂው ይመጣል። እናቴ አንድ እፍኝ ጨው ትጨምራለች። የጊቿ ሴት አንድ እፍኝ ገብስ ትመልሳለች። እናቴ እንደገና ጨው ትዘግናለች።

«ተይው እንጂ እታለም፣ በቅሎዬ መሸከም አቃታት እኮ!»

«አንቺ ተይው፤ ያንቺን ገብስ በልቼ ልወፍር ነው?»

መጨረሻ የጨመረችው እንዳሸነፈች ይቆጠራል መሰለኝ። እኔ ከጎን ሆኜ እስቃለሁ።

በዚያን ጊዜ የሱቅ ግብር በግምት ነበር። ገማቹ መጥቶ መደርደሪያውን በዓይኑ ይቃኝና ይህን ያህል ሸጣችኋል ይላል። እናቴ መምጣቱን ስትሰማ ግማሹን ሳሙና አልጋ ሥር ትደብቀው ነበር። ዳባት ያሉት ገማቾች ለዘብ ያሉ ናቸው ስለሚባል፣ ላምባና አቡጀዲ ለመግዛት እስከ ዳባት የሚሄድ ደባርቄ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው። አንዱ ሳሙና በሦስት ከተማ ሦስት ዋጋ ነበረው።

ከዚያ አዲሱ ደንብ መጣ። ነጋዴዎች በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ማንበብ ስለማትችል እናቴ እኔን ይዛ ሄደች። ካድሬው ቆሞ አስረዳ። ከእንግዲህ በሽያጭ ላይ የሚጣለው ግብር በአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ደባርቅም። ዋጋ በሰሌዳ ይጻፋል፤ ግብሩ እዚያው ውስጥ ይገባል። የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ነጋዴው ተቀብሎ ለመንግሥት ያደርሳል እንጂ ከኪሱ አያወጣም።

ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ እጃቸውን አወጡ። «እንግዲያው እኛ የጭነት በቅሎ ሆንን ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። «ጓድ፣ ይህ ቀልድ አይደለም» አለ ካድሬው።

«እኔም አልቀለድኩም። ለበቅሎ ገፈራ ይሰጣታል፤ ለእኛ ምን ይሰጠናል ብዬ ነው።»

እናቴ ግን ደስ ብሏት ነበር የተመለሰችው። ከዳባት ጋር አንድ ሆንን፣ ከእንግዲህ ሳሙና አልደብቅም አለች። ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከመቶ ማስላት ተምሬ ነበርና ያወቅሁትን የማሳይበት ቦታ በማግኘቴ ኮራሁ። ቀን ሙሉ አስልቼ በጠመኔ፣ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩት።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ሰው ሰሌዳውን ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። ጠርሙስ ሙሉ ላምባ ይወስዱ የነበሩት ግማሽ መውሰድ ጀመሩ። አንዲት አስተማሪ ሳሙናውን ለሁለት እንድቆርጥላት ለመነችኝ፤ ደመወዟ እንደሆነ ያው ነው። አንድ የጃናሞራ ገበሬ ክብሪት ሊገዛ ሲመጣ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ግብሩን ለራስሽ ያዥውና ክብሪቱን ብቻ ስጪኝ» አለኝ። እናቴ ያን ቀን ከልቧ ሳቀች። ነገር ግን ለሌላው ገዢ የምትጨምረው ምራቂ ቀስ በቀስ ከእፍኝ ወደ ቁንጥር ወረደ፣ ከዚያም ቀረ። ለጊቿ ሴት ብቻ አልቀረም።

ያን ቅዳሜ ለሆነው ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተማሪያችን የወጣና የገባ ሁሉ መጻፍ አለበት ብሎን ስለነበር፣ በአንድ ደብተር ከሱቁ የሚወጣውን ሁሉ እመዘግብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። የጊቿ ሴት በመጣች ቁጥር፣ «ጨው በገብስ» ብዬ የጣሳውን ብዛት፣ ምራቂውን እንኳ ሳልተው፣ እጽፋለሁ። ከሥሩ በማስመሪያ አሰምርበታለሁ።

ጊች ዛሬ ሰው አይኖርበትም። መንደሩ ለፓርኩ ሲባል ሲነሳ ሰዎቹ ወርደው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ፤ የቆርቆሮ ጣሪያቸው ከቤቴ ደጃፍ ይታያል። እንደሰፈሩ ሰሞን ሄጄ ጠይቄ ነበር። አንድ ጎልማሳ አወቃት። «እሷማ ገና ድሮ፣ እዚያው ላይ ናት» አለኝ። መቃብሯን ማለቱ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በእኛ በር ገብታ አታውቅም፤ ገበያ ስትወርድ አንድ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻታለሁ።

ያ ቅዳሜ ክረምቱ ሳይጠና የመጨረሻው ደህና ገበያ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናቡና ጉሙ መንገዱን ያበላሸዋል፤ የላይኛው አገር ሰው እስከ መስከረም ብዙም አይወርድም። ለክረምቱ የሚበቃ ጨው፣ ለሰውም ለከብትም፣ በዚያ ቀን መያዝ አለበት። ለዚህም ሲባል ከጎተራው መጨረሻ የተረፈው ገብስ ይቆያል።

የግብር ሠራተኛው ቀድሟት መጣ። ወጣት ነው፣ የሌላ አገር ሰው፣ ብርዱ ያሳለዋል። ክፉ አልነበረም። እናቴን «እርስዎ» ይላት ነበር። ደብተሬን ተቀብሎ ገለጠ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

«ጎበዝ። ከእኛ ቢሮ ጸሐፊ ትበልጫለሽ።»

ፊቴ ሞቀ። ጥቂት ገጽ አለፈና ጣቱ ቆመ። «ይህ ‘ጨው በገብስ’ የሚለው ምንድን ነው? ግብሩ የታል?»

«እሱማ ሽያጭ አይደለም፣ የኔ ጌታ» አለች እናቴ። «ከአንዲት የጊች ሴት ጋር እንለዋወጣለን እንጂ።»

«መለዋወጥ ሁለት ሽያጭ ነው። እርስዎ ጨው ሸጡ፣ ሴትዮዋ ገብስ ሸጠች። ሁለቱም ግብር አለባቸው።» ገጾቹን መለስ ቀለስ አደረገ። «ይህ ሁሉ ሳይገለጥ የተሸጠ ነው። እንዲህ ሲገኝ ሱቁ ይታሸጋል ነው የሚለው ደንቡ።» ከቦርሳው ማሸጊያ ወረቀቱን አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

የጊቿ ሴት ስልቻዋን ተሸክማ የገባችው ይህን ሲናገር ነው። ልብሷ በጉም ረጥቧል። ሰላምታዋን ሳትጨርስ የእናቴን ፊት አየች። ማንም ሊነግራት ባለመፈለጉ ራሱ ሠራተኛው ነገራት፤ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብሎ።

«እንዲህ ነው እማማ፤ እርስዎም ገብስ ሲሸጡ ነጋዴ ሆኑ ማለት ነው።»

«እኔ ነጋዴ?» ሳቀች። «ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ? የቤቴ ሰዎች ቢሰሙ ብር አምጪ ይሉኛል።»

እሱም ፈገግ አለ፤ ወረቀቱን ግን አላነሳውም። እሷ ወረቀቱን አየችው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«በሩ ላይ የሚለጠፍ ነው።»

ስልቻዋን አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠች። በቅሎዋ በበሩ ተነፈሰች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ስጦታም ግብር አለው?»

«ስጦታ ግብር የለውም።»

«እንግዲያው ስጦታ ነው። እኔ ገብስ ስጦታ አመጣላታለሁ። እሷም ደስ ሲላት ትሰጠኛለች።»

«ደብተሩ ላይ በጣሳ ተሰፍሮ ነው የተጻፈው፣ እማማ።»

«ልጅ አይደለችም እንዴ? ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች። ትምህርት ቤት ያስተማሯት ነገር ነው።» ወደ እኔ ዞር አላለችም። እኔ ሚዛኑን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሠራተኛው ሳለ። አፉን በመሐረብ ጠረገ። «እኔም የሚጠይቀኝ አለቃ አለኝ» አለ። «ስጦታ ብዬ እንድጽፍ ዓይኔ ማየት አለበት። ዛሬ ገብሱን ሰጥተው፣ ጨው ሳይወስዱ ይሄዳሉ? ያንን ካየሁ እጽፋለሁ፤ ሱቁም አይታሸግም።»

እናቴ ከሣጥኑ ላይ ወረደች። ከባንኮኒው በላይ የሚታየው ሻሿ ብቻ ሆነ። «ይታሸግ» አለች። «እታለም፣ ተይ። ክረምት ነው፣ ጨውሽን ይዘሽ ሂጂ። ሱቅ ነው፤ ይታሸግ።»

«ከታሸገ ልጅሽን በምን ልታስተምሪያት ነው?»

«ይታሸግ እያልኩሽ!»

እናቴ ስትጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጊቿ ሴት ግን ወደ ስልቻዋ ዞረች። ጎንበስ ብላ የስልቻውን አፍ ፈታች፣ ወደ ገብስ ማስቀመጫችን ሳበችው፣ አንስታ ገለበጠችው። ለመስፈር ጣሳ አላነሳችም። ገብሱ ሲወርድ ረጅም ጊዜ የወሰደ መሰለኝ። አቧራው በበሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ቆመ። ጥጎቹ ላይ የቀረ እንዳይኖር ስልቻውን ሁለት ጊዜ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሠራተኛው ማሸጊያውን ወደ ቦርሳው መልሶ «ስጦታ» ብሎ ጻፈ። ጽፎም አልሄደም፤ የቀረውን ዕቃ እስከ ማታ መቁጠር ነበረበት። እሱ እያየ ጨው መስጠት አይቻልም።

የጊቿ ሴት ባዶ ስልቻዋን አጥፋ በብብቷ ያዘች። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ አልወጣችም። እኔ መንገድ ለቀቅሁላት። ወጣች፣ በቅሎዋን ፈታች፤ አልተቀመጠችባትም፣ እንደ ወትሮው እኛ ዘንድ ሳታድር፣ እየሳበች በገበያተኛው መካከል ወደ ላይኛው መንገድ ሄደች።