ለኪኩ የሚሆን ማይክ

የምንሠራው ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ስቱዲዮ እንበላት እንጂ ግድግዳዋ በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ ተራ ክፍል ናት። የሠርግ ዘፈን የሚያስቀዳ ይመጣል፣ መንዙማ የሚያስቀዳም ይመጣል። እኔ ቀረጻውን እይዛለሁ። የክፍሏ ባለቤት ደግሞ ከበሮ መቺ ናቸው። ሀርጌሳ ተወልደው ድሬዳዋ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው እዚያ በሆቴል ባንድ ድራም ይመቱ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ ሥራ ፍለጋ በጅግጅጋ በኩል የመጣሁ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አዴር እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው። አንቱ ስላቸው ግን ይስቁብኛል።

"ድሬ አንቱ የሚባል ነገር የለም። አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ" ይሉኛል። አፌ እሺ አይለኝም።

ለብዙ ጊዜ ከበሮውን የምናወጣው ከኪቦርድ ነበር። ባለፈው ዓመት አዴር በበርበራ ወደብ የገባ ያገለገለ ድራም ገዙ። ሲገጥሙት ያየ ሰው አዲስ ሙሽራ ናቸው ይል ነበር። ችግሩ የመጣው ልንቀዳው ስንል ነው። በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ ኪክ የምንለውን፣ ለድምፃውያን በምንጠቀምበት ኮንደንሰር ማይክ ስንሞክረው ድምፁ ተፍረከረከ። ማይኩ በጣም ስስ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ባጃጅ ሳይቀር ለቀመው። ከባድ ምት የሚችል፣ ፊቱ ያለውን ብቻ የሚሰማ ዳይናሚክ ማይክ ያስፈልገን ነበር።

ጋአን ሊባህ የሚባለው ሰፈር ያለ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ አዴርን ስለሚያውቃቸው ሁለት ማይክ ሰጠኝ። "ሞክሩና አንዱን መልሱልኝ" አለ። አንደኛው ወፍራምና ከባድ፣ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ለከበሮም፣ ኡድ ለሚባለው የዓረብ ክራርም፣ ለሰው ድምፅም ይሆናል። የመግዛት አቅማችን ለአንዱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም በየተራ ኪኩ ፊት ተክዬ አዴር እየመቱ ቀዳሁ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው አዳመጡ።

"ይሄ ነው!" አሉ ወፍራሙ ላይ ስንደርስ። "ደረቴን መታኝ እኮ።"

"እሱስ ልክ ነው፤ ግን መምቻው ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው ጧ የሚለው ነገር የለውም። ቀጭኑ ላይ ግን አለ።"

"የቱ ጧ?"

የሚቀልዱ መስሎኝ እንደገና አሰማኋቸው። የሚያዩት ስፒከሩን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ላሰማቸው እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ስዘረጋ፣ ገና ሳልጫነው፣ "አዎ፣ አዎ፣ አሁን ሰማሁት" አሉ።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ምንም አልተሰማም።

ሳላስበው ያጠመድኳቸው ያህል አፈርኩ። ስልካቸው ሲጠራ ዝም የሚሉት፣ ደንበኛ ሲያናግራቸው ሳቅ ብለው ወደ እኔ የሚመሩት፣ ሁሉም ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

እንዲያው ገመድ ስጠቀልል ሚስታቸው ምሳ ይዘው ገቡ። እሳቸውም ድሬ ያደጉ ናቸው፤ ኤዶ እላቸዋለሁ፣ አክስት እንደማለት። ሳህኑን እያስቀመጡ "መድኃኒትህን ወሰድክ?" አሏቸው።

"ገና አልወሰንም። ወፍራሙ ሳይሻል አይቀርም" አሉ አዴር።

ኤዶ ወደ እኔ ዞሩ። "አየህ?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዓመት አለፈው። አልሰማም አይል፣ ሐኪም ቤት አይሄድ። ስጮህበት የተቆጣሁት ይመስለዋል፣ ቀስ ብዬ ሳወራ ደግሞ አይመልስልኝም። ቤታችን ውስጥ ወሬ ቀረ።"

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ አስቤበት አልነበረም። የጆሮ ማዳመጫውን አዴር ራስ ላይ አደረግሁና ቀጭኑን ማይክ ለኤዶ ሰጠኋቸው። ሚክሰሩ ላይ የላይኛውን፣ ስሱን ድምፅ እየጨመርኩ "ኤዶ፣ እስቲ የሆነ ነገር ይበሉ" አልኳቸው።

"ምን ልበል?" አሉና ማይኩን እንደ ማንኪያ ያዙት። "ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው፣ ና ብላ እንጂ።"

አዴር ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ድገሚው።"

"ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው አልኩህ።"

"አሁንም በይ።"

ኤዶ ወደ ሶማሊኛ ገቡ፤ ረጅም ነገር አወሩ። ሁሉም አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም። ወደ ግድግዳው ዞሬ የተጠቀለለውን ገመድ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ዞር ስል አዴር ትከሻቸው ላይ ጣል ባደረጉት ሽርጥ ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ለካ አልሰማም ነበር" አሉኝ። "ድምጿ እንዲህ ነው እኮ። እኔ ያረጀች መስሎኝ።"

"አብሽር፣ አዴር። ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።"

"ከበሮ መቺው ደነቆረ ቢሉስ?"

"ወፍራሙን ድምፅ ከእኔ የበለጠ ይሰማሉ፤ ወላሂ። የጎደለው ስሱ፣ ላይ ላዩ ድምፅ ነው።"

ምሳ ከበላን በኋላ እኔ ወፍራሙን ማይክ እንግዛ አልኩ፤ ልባቸው የወደደው እሱን ነበርና። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዚያኛው ከበሮ ብቻ ነው የሚቀዳው። በዚህኛው ሰውም ይቀዳል። ቀጭኑ ይሁን።"

ቀጭኑን ከኪኩ ጋር ለማስማማት ከሰዓቱን በሙሉ ደከምን። ከበሮው ሆድ ውስጥ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከተትን። ማይኩን በፊት ለፊቱ ቀዳዳ አስገባነው፣ ጥቂት ወደ ጎን አዘነበልነው፣ መልሰን ሳብነው። "አንተ ላይ ላዩን ስማ፣ እኔ ታች ታቹን" አሉ አዴር፣ መዳፋቸው ስፒከሩ ላይ እንዳለ። የከሰዓቱ፣ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ "አልሐምዱሊላህ፣ ተወው፣ እንዳትነካው!" ብለው ለሶላት ተነሡ።

ሐኪም ቤት የሄድነው በሳምንቱ ነው። ሐኪሙ መርምሮ ለሁለቱም ጆሮዎች የመስሚያ መሣሪያ አዘዘላቸው። ሲያደርጉት የመጀመሪያው ቀን አልተመቻቸውም። የፌስታሉ ኮሽታ፣ የታችኛው ሱቅ የስፌት መኪና፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ሁሉም አበሳጫቸው። ሁለት ጊዜ አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የቀዳነውን ኪክ አዳምጠው ድንገት ቀና አሉ። "ጧ ያልከኝ ይሄ ነው?" አሉኝ። ነው አልኳቸው። ብዙም አልወደዱትም፤ ትንሽ አስቀነሱኝ።

አሁን የኪኩን ድምፅ የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ኤዶም ምሳ ሲያመጡ ወዲያው አይመለሱም፤ ተቀምጠው ስለ ሰፈሩ ያወራሉ፣ አዴርም ይመልሱላቸዋል፣ አንዳንዴም ይከራከሯቸዋል። ከስር ካለው የልብስ ስፌት መኪና ጫጫታ ጋር የኤዶ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሲሰማ፣ አዴር ከእኔ ቀድመው "መጣች" ይላሉ።